በሁለት ቁና የሚሰፈር ምሕረት፤ እስረኛ ሲለቀቅ የመንግሥታትን መግለጫ እንዴት እንደማነብ

ከ1998 ጀምሮ የውጭ ዜና ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በመሳቢያዬ ውስጥ ጠርዙ የተበላ አንድ ወፍራም ደብተር አለ። የሚመዘገብበት አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ መንግሥታት “የጸጥታ እስረኛ” ወይም “አሸባሪ” ያሉትን ሰው ሲለቅቁ፣ ሌላው እንዲለቅ ሲወተውቱ፣ ወይም ሌላው ስለለቀቀ ሲቆጡ የተናገሩት ቃል።

ደብተሩን የጀመርኩት ኦገስት 20 ቀን 2009 ሌሊት ነው። የዚያን ቀን የስኮትላንድ የፍትሕ ሚኒስትር ኬኒ ማክአስኪል አብዱልባሲጥ አል-መግራሒን በርኅራኄ ለቀቁት። ሰውየው በ1988 ሎከርቢ ከተማ ላይ በፈነዳው አውሮፕላን 270 ሰዎችን በመግደል ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ነበር፤ በፕሮስቴት ካንሰር ታሞ የቀረው ሦስት ወር ገደማ ነው ተባለ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ አሜሪካውያን ስለነበሩ ዋሽንግተን ተቆጣች። የኤፍቢአይ ዳይሬክተር ሮበርት ሙለር ለሚኒስትሩ የጻፉት የምሬት ደብዳቤም ለሕዝብ ይፋ ሆነ።

ያንን ቁጣ እየተረጎምኩ ሳለ በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት የተረጎምኩት ሌላ ዜና ትዝ አለኝ። ኤፕሪል 10 ቀን 1998 የተደረሰው የሰሜን አየርላንድ ስምምነት፣ ተኩስ ያቆሙ ድርጅቶች አባላት የሆኑ እስረኞች በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲወጡ ይፈቅዳል። ከ400 በላይ ወጡ፤ ቦምብ ያፈነዱና ሰው የገደሉም ነበሩባቸው። ድርድሩን የመሩት የቀድሞው የአሜሪካ ሴናተር ጆርጅ ሚቼል ነበሩ፣ ዋሽንግተንም ስምምነቱን በሙሉ ልብ ደገፈች። ሁለቱን ዜናዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ከሥራቸው “ግብዝነት” ብዬ ጻፍኩ፤ ለዚያን ሌሊት ተረኛ አርታኢያችንም አሳየሁ። አረጋዊ ሰው ነበሩ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ “ልጄ፣ ይህ ስድብ ነው እንጂ ሚዛን አይደለም። መጀመሪያ የሁለቱን ልዩነት በሐቅ ጻፊ። ልዩነቱን ሁሉ ቀንሰሽ የሚተርፍ ነገር ካለ ያን ጊዜ እንነጋገራለን” አሉኝ።

ቀነስኩ። አንደኛው የሰላም ስምምነት ነው፤ ሌላው የአንድ በሽተኛ ጉዳይ። አንደኛው ሜይ 22 ቀን 1998 ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ በሰሜን አየርላንድ 71 በመቶ የሚሆነው መራጭ ተቀብሎታል፤ ሌላውን የወሰነው አንድ ሚኒስትር ነው። አንደኛው በገደብ የሚሰጥ ነው፣ የተለቀቀው ሰው ወደ ጦርነት ከተመለሰ እንደገና ይታሰራል። ይህ ሁሉ እውነተኛ ልዩነት ነው። ሆኖም የተረፈ ነገር ነበር፤ በአንደኛው የሞቱት የሌላ አገር ሰዎች፣ በሌላው የሞቱት የራስ ሰዎች መሆናቸው። ዘዴዬ እስከ ዛሬ ይኸው ነው። ልዩነቱን በሐቅ ቀንሱ፣ ከዚያ ቀሪውን ተመልከቱ። ሁለተኛው ቁና ካለ የሚገኘው ከቀሪው ውስጥ ነው።

ለዚህ ሥራ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። አንድ ገጽ ለአንድ ጉዳይ ይስጡ። በመጀመሪያ ሰውየው የተያዘበትን ድርጊት ይጻፉ፤ የተለጠፈበትን ስም ሳይሆን ድርጊቱን። ቀጥሎ ቁልፉን የያዘው ማን እንደሆነ፣ ይለቀቅ ብሎ የሚገፋው ማን እንደሆነ፣ የሞተው ወይም የተጎዳው የማን ወገን እንደሆነ፣ ከተጎዱት ማን እንደተጠየቀ። በመጨረሻ፣ የሚገፋው መንግሥት የራሱ ሰዎች በሞቱበት ተመሳሳይ ጊዜ ምን እንዳደረገ። ይህኛው ቦታ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ባዶ ይሆናል። ባዶውን ይተዉት፤ ትዝታዎም የቆየ መዝገብም ቀስ ብሎ ይሞላዋል።

ከቃላቱ ይጀምሩ፣ ምክንያቱም ቁናው በመጀመሪያ የሚለወጠው እዚያ ነው። አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ሀብታም ነው። እስረኛ፣ ምርኮኛ፣ ታጋች፣ ተጠርጣሪ፣ ፍርደኛ እንላለን፤ አምስቱም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ምርኮኛ የተማረከ ተዋጊ ነው፤ ሦስተኛው የ1949 የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 118 ውጊያው ሲያበቃ ሳይዘገይ ወደ አገሩ ይመለስ ይላል። ታጋች ሌላውን ለማስገደድ የተያዘ ሰው ነው፤ እርሱን መያዝ ራሱ ወንጀል ነው። ፍርደኛ ፍርድ ቤት የቀረበ ነው። “የጸጥታ እስረኛ” ግን በእስራኤል ማረሚያ ቤቶች የሚሠራበት የአመዳደብ ስም ነው፤ ድንጋይ የወረወረውን ልጅም፣ አውቶቡስ ያጋየውንም፣ ያለ ክስ በአስተዳደራዊ እስር የተያዘውንም በአንድ ጆንያ ይከታል። አስተዳደራዊ እስር እስከ ስድስት ወር በሚደርስ ትእዛዝ የሚጀመርና በየጊዜው ሊታደስ የሚችል ነው፤ ተይዞ የቆየው ሰው ክሱን ሳያውቅ ሊወጣ ይችላል።

የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። ኦክቶበር 13 ቀን 2025 በሐማስ እጅ በሕይወት የነበሩት የመጨረሻዎቹ 20 ታጋቾች ሲለቀቁ እስራኤል በምላሹ 250 የዕድሜ ልክና የረጅም ጊዜ ፍርደኞችን፣ ከ1,700 በላይ ደግሞ በጦርነቱ ወቅት ከጋዛ የተያዙ ሰዎችን ለቀቀች። እኔ ሁለቱን ደምሬ “ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ እስረኞች” ብዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳለፍኳቸው። በማግስቱ ደብተሩን ስከፍት አፈርኩ። ከእነዚህ ውስጥ 250ዎቹ ተከስሰው የተፈረደባቸው ናቸው፤ አብዛኞቹ ሌሎቹ ግን ክስ እንኳ አልተመሠረተባቸውም። ሐዘንተኛው እስራኤላዊ አባት “ገዳዮች ተለቀቁ” ሲል የሚናገረው ስለ መጀመሪያዎቹ ነው፤ ያለ ክስ ሁለት ዓመት የታሰረው ሰው ሚስት የምትናገረው ስለ ሁለተኛዎቹ ነው። በአንድ ቁጥር ስደምራቸው የሁለቱንም እውነት ሰረቅኩ። ስለዚህ ትልቅ ቁጥር ሲያጋጥምዎ ከመጻፍዎ በፊት ይከፋፍሉት።

ግሱንም ይመርምሩ። አማርኛ “ተለቀቁ” ብሎ አድራጊውን መደበቅ ይፈቅዳል። ማን ለቀቀ? በማን ግፊት? ከእያንዳንዱ “ተለቀቁ” ጎን የሰው ወይም የመንግሥት ስም ይጻፉ። ይህን ትንሽ ሥራ ብቻ ሠርተው ቢያቆሙ እንኳ ከብዙ ዜና አንባቢ የተሻለ ያያሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው? በደብተሬ ውስጥ ብዙ ገጽ የፈጀብኝ ይህ ነው። መንግሥታት በራሳቸው ሙታን ላይ ቆጣቢ፣ በሌላው ሙታን ላይ ለጋስ ሲሆኑ ደጋግሜ አይቻለሁ።

የ2013ን ጉዳይ ይውሰዱ። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ኬሪ እስራኤልንና ፍልስጤማውያንን ወደ ድርድር ለመመለስ ሲጥሩ፣ የእስራኤል ካቢኔ ጁላይ 28 ቀን 104 እስረኞችን በአራት ዙር ለመልቀቅ ተስማማ። እስረኞቹ በ1993 እስራኤልና ፍልስጤማውያን ከተፈራረሙት የኦስሎ ስምምነት በፊት በተፈጸሙ ድርጊቶች የታሰሩ ሲሆኑ አብዛኞቹ በግድያ የተፈረደባቸው ነበሩ። በኦገስት፣ በኦክቶበርና በዲሴምበር በየዙሩ 26 ሰዎች ወጡ። የሟቾች ቤተሰቦች ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ አልተሳካላቸውም። በዚያው ጊዜ ጆናታን ፖላርድ አሜሪካ ውስጥ ታስሮ ነበር። ፖላርድ ለእስራኤል በመሰለል በ1985 ተይዞ በ1987 ዕድሜ ልክ የተፈረደበት አሜሪካዊ ነው፤ ሰው አልገደለም። ተከታታይ የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትሮች እንዲፈታ ለምነው ተከልክለዋል። በእስራኤል ብዙ ሰው የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ገዳዮቻችንን ለሰላም ስንል ፍቱ የምትሉን እናንተ ያልገደለውን ሰላይ ለምን አትፈቱም?

እንደተማርኩት ልዩነቱን ቀነስኩ። ስለላ በአገር ላይ የሚፈጸም ክህደት ነው፤ ፖላርድ የራሷ የአሜሪካ ዜጋ ነው። ከፍልስጤማውያኑ ደግሞ አብዛኞቹ የሚያምፁበት ኃይል ወታደራዊ ፍርድ ቤት የፈረደባቸው ናቸው፤ በዌስት ባንክ ፍልስጤማዊው በወታደራዊ፣ ጎረቤቱ ሰፋሪ በሲቪል ፍርድ ቤት ይዳኛል። ይህን ሁሉ ቀንሼም ቀሪ አገኘሁ። ዋሽንግተን የጸጥታ መሥሪያ ቤቶቿን ቅሬታ “የማይታለፍ” ስትል የእስራኤላውያን ሐዘንተኞችን ቅሬታ “የሰላም ዋጋ” አደረገችው። በ2014 መጀመሪያ አራተኛው ዙር ሲቆም ፖላርድን የድርድሩ ማጣፈጫ አድርጎ ስለ ማቅረብ መነጋገር ተጀመረ። ለ28 ዓመታት የማይነካ የተባለው ነገር አስፈላጊ ሲሆን የሚነካ ሆነ። እርሱም ሳይሳካ ቀርቶ ሰውየው በአመክሮ የወጣው ኖቬምበር 20 ቀን 2015፣ 30 ዓመት ከታሰረ በኋላ ነው።

በዚህ ገጽ ላይ ግን እስራኤልንም ማለፍ አይቻልም። ጠቅላይ ሚኒስትር ቤንያሚን ኔታንያሁ የሰፈራ ግንባታ ከማቆም ይልቅ እስረኛ መፍታትን እንደመረጡ በሰፊው ተዘግቧል። ያ እውነት ከሆነ ሐዘንተኞቹ የከፈሉት ለቤት ግንባታ ነው። ወደ ኋላ ስሄድም ሌላ ገጽ አለኝ። በ1983 በኬብሮን የእስልምና ኮሌጅ ላይ በተከፈተ ጥቃት ሦስት ተማሪዎች ተገደሉ፤ የአይሁድ የኅቡዕ ቡድን አባላት የሆኑ ሦስት ሰዎች በ1985 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ቅጣታቸው በፕሬዚዳንቱ ተደጋግሞ ተቀንሶ በዲሴምበር 1990 ወጡ። ሰባት ዓመት አልሞላቸውም። “እጁ ላይ ደም ያለበት አይለቀቅም” የሚለውን መግለጫ ስተረጉም ይህን ገጽ ገልጬ አጠገቡ አኖራለሁ።

ከሁሉም የከበደኝ የዶሐው ነው። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 አሜሪካና ታሊባን በኳታር ዋና ከተማ በዶሐ በተፈራረሙት ሰነድ እስከ 5,000 የታሊባን እስረኞች እስከ 1,000 በሚደርሱ የሌላው ወገን እስረኞች እንዲለወጡ ተጻፈ። 5,000ዎቹን ያሰረው የአፍጋኒስታን መንግሥት ነው፤ በፊርማው ጠረጴዛ ላይ ግን አልነበረም። ፕሬዚዳንት አሽራፍ ጋኒ በማግስቱ እንዲህ ያለ ቃል አልሰጠንም አሉ። በኦገስት የመጨረሻዎቹ 400 እጅግ ከባድ ወንጀለኞች የተባሉት ሲቀሩ ሎያ ጂርጋ፣ ማለትም ታላቁ ጉባኤ፣ ተጠርቶ ይለቀቁ አለ። ያን ጊዜ ነው ፈረንሳይና አውስትራሊያ ዜጎቻችንን የገደሉት አይለቀቁ ብለው የተነሡት። አውስትራሊያ በ2012 ሦስት ወታደሮቿን የገደለውን ሰው ጉዳይ እስከ አሜሪካ ፕሬዚዳንት አደረሰች። ሐዘኗን አከብራለሁ፤ ይገባታልም። ግን ያንን ዜና ስጽፍ እጄ የቆመው አንድ ነገር ላይ ነው። ለሺዎቹ አፍጋናውያን ሙታን እንዲህ የደወለ የውጭ መሪ በደብተሬ ውስጥ የለም።

ሰሜን አየርላንድን ከዶሐ ጋር ጎን ለጎን የማኖረው ለዚህ ነው። በሁለቱም ገዳዮች ወጥተዋል። በአንደኛው ዕዳውን የሚከፍለው ሕዝብ ሄዶ ድምፅ ሰጠ፤ ሐዘንተኛው ተሸነፈ እንጂ አልተዘለለም። በሌላው ዋጋው በሌላ አገር ከተማ ተቆረጠና ለከፋዩ ተላከለት። “ማን ተጠየቀ” የሚለውን ቦታ ሳይሞሉ ገጽ አይዝጉ የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ጥርጣሬ ሲገባዎ ስም ይቀያይሩ። መግለጫውን እንዳለ ይገልብጡ፣ ከዚያ የአገሩንና የሟቾቹን ስም ብቻ ይለውጡ። በ2009 ስለ ሎከርቢ የተባለውን ወስጄ የ2013ቱን ዐረፍተ ነገር እንዲህ ሠራሁት፦ “የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን እስር ቤት ሊጨርስ ይገባል፤ መለቀቁ የቤተሰቦቹን ቁስል ይቀሰቅሳል።” ይህ የእኔ አጻጻፍ ነው፤ ሐሳቡ ግን በዚያ ወቅት በዋሽንግተን በስፋት የተነገረ ነው። አሁን “ቤተሰቦቹ” የሚለውን የሐይፋ ወይም የካቡል ቤተሰብ አድርገው ያንብቡት። ዐረፍተ ነገሩ ያው ሆኖ ሳለ ተናጋሪው ከጠፋ ቀሪውን አግኝተዋል።

የጊዜን ጉዳይ በጥንቃቄ ይያዙ። “ያኔ አይሆንም ብሎ አሁን አደረገው” ብቻውን ማስረጃ አይደለም። እስራኤል በሐማስ ለተያዘው ወታደሯ ለጊላድ ሻሊት በኦክቶበር 2011 1,027 እስረኞችን ስትለቅ፣ ወታደሩ ከጁን 2006 ጀምሮ ተይዞ ነበር፤ አምስት ዓመት ከተሞከረ በኋላ የተወሰደ ውሳኔ ነው፣ የከፈለውም የራሷ ሕዝብ ነው። ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ሁለት ቁና ግን አይደለም። ጀርመን ኦገስት 1 ቀን 2024 በአንካራ በተደረገው የ24 ሰዎች ልውውጥ ቫዲም ክራሲኮቭን ስትለቅ ግን ገጹ ይወሳሰባል። ክራሲኮቭ በ2019 በርሊን መናፈሻ ውስጥ አንድ የጆርጂያ ዜጋ ገድሎ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ነበር። ሟቹ ከቼቼን ወገን የሆነ ጥገኝነት ጠያቂ ነበር። ጀርመናዊ ቢሆን ኖሮ ውሳኔው ያው ይሆን ነበር? መልሱን አልጻፍኩም፤ ጥያቄውን ግን በቀይ ጽፌዋለሁ።

መልቀቅ ብቻ ሳይሆን መቀበልም ቁና አለው። ጓንታናሞ የሚገኘው የአሜሪካ እስር ቤት ከጃንዋሪ 2002 ጀምሮ ወደ 780 ሰዎችን አስሯል። ከነዚህ ውስጥ አደጋ አይደሉም የተባሉ ዊጉሮች፣ ማለትም በቻይና የሚኖር የሙስሊም ሕዝብ ተወላጆች፣ ነበሩ፤ ወደ ቻይና ቢመለሱ እንደሚሰቃዩ ስለሚታወቅ የሚቀበላቸው አገር ተፈለገ። በ2006 አምስቱን አልባኒያ፣ በ2009 አራቱን ቤርሙዳ፣ ስድስቱን ደግሞ ፓላው ተቀበሉ። አሳሪዋ አገር ግን አንዱንም በምድሯ አላስገባችም፤ በኋላም ምክር ቤቷ ከዚያ እስር ቤት ማንም ወደ አሜሪካ እንዳይገባ በሕግ ከለከለ። “አያሰጉም፣ እናንተ ተቀበሏቸው” ማለትና “ያሰጋሉ፣ እኛ ጋ አይገቡም” ማለት በአንድ አፍ የተነገሩ ናቸው። ይህን ያህል ግልጽ ቀሪ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ይህን ሁሉ ከመጀመርዎ በፊት ግን የራስዎን ወገን አንድ ገጽ ይሙሉ። እኔ ኢትዮጵያን ጽፌአለሁ። የኢትዮጵያና የኤርትራ የይገባኛል ጥያቄ ኮሚሽን ሔግ ላይ ተቀምጦ ጁላይ 1 ቀን 2003 በሰጠው ውሳኔ፣ የአልጀርስ ስምምነት በዲሴምበር 2000 ከተፈረመ በኋላ ኢትዮጵያ የኤርትራ ምርኮኞችን በወቅቱ ሳትመልስ እስከ ኖቬምበር 2002 ማቆየቷን ጥፋት ብሎታል። ኤርትራንም ቀይ መስቀል ምርኮኞችን እንዳይጎበኝ በመከልከሏ ጥፋተኛ አደረገ። ያኔ የተረጎምኩትን ወረቀት ዛሬ ሳነበው የኤርትራን ጥፋት በሦስት አንቀጽ፣ የእኛን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፌዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ቁናው በእጄ ውስጥ ነበር።

ሌላ ገጽም አለ፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ የሆነ። ኢትዮጵያ ተወልዶ እስራኤል ያደገ፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወጣት በሴፕቴምበር 2014 አጥሩን ተሻግሮ ጋዛ ገባ። ሐማስ ሲቪሉን ሰው ወታደር ነው እያለ ያዘው፤ በእስራኤል በኩል ደግሞ ጉዳዩ ለሕዝብ የተነገረው ከአሥር ወር በኋላ ነው። የተለቀቀው ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2025 ነው። ቤተሰቡ የልጃቸው ስም እንደ ሌሎቹ አይጠራም እያሉ ለዓመታት በአደባባይ አዝነዋል። ሁለት ቁና በመንግሥታት መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ አገር ዜጎች መካከልም ይሰፈራል፤ እስረኞቻችን ይፈቱ የሚል ወገንም በሽተኛ ሰው ለአሥር ዓመት ሲያግት ይኸው ሚዛን ይጠብቀዋል።

ቀሪውን ሲያገኙ ምን ያደርጉበታል? ታሳሪውን ንጹሕ አያድርጉበት፤ የዋሽንግተን ሚዛን መዛባቱ የመግራሒን ፍርድ አይሽርም። መልቀቁም ስሕተት ነበር ብለው አይደምድሙ። እኔ የሰሜን አየርላንዱን መለቀቅ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፣ የሟቾቹን ቤተሰቦች እያሰብኩ ጭምር። ቀሪው የሚጠቅመው ለጥያቄ ነው። ጥያቄውም “የእናንተ ሰው ቢሆን ኖሮ?” ዓይነት አይሁን፤ ለርሱ ቃል አቀባይ ሁሉ ዝግጁ መልስ አለው። “በ2009 ይህን ብላችሁ ነበር፣ በ2013 ይህን አላችሁ፤ በመካከሉ ምን ተለወጠ?” ብለው በቀንና በቃል ይጠይቁ። ለጋዜጣ አስተያየት ሲጽፉም፣ በውይይት መድረክ ሲነሡም ያው ነው። አንድ ጊዜ አንድ ዲፕሎማት እንዲህ ሲጠየቅ በአዳራሹ ውስጥ ሆኜ አይቻለሁ። ወረቀቱን አገላብጦ “አጣርቼ እመለሳለሁ” አለ። አልተመለሰም፤ ቀኑን ጽፌዋለሁ።

በመጨረሻ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ጥቂት መስመሮችን ባዶ ይተዉ። መግራሒ ሦስት ወር የተባለለት ሰው እስከ ሜይ 2012 ኖረ። ከሻሊት ጋር ከተለወጡት አንዱ በኋላ በጋዛ የሐማስ መሪ የሆነው ያሕያ ሲንዋር ነበር። አሜሪካ በ2014 በታሊባን ተይዞ ለነበረው ወታደሯ ለቦው በርግዳል ብላ ወደ ኳታር የላከቻቸው አምስት የታሊባን ሰዎች በ2021 ድርጅታቸው ካቡል ሲገባ ባለሥልጣን ሆነው ተመለሱ፤ የአሜሪካ ምክር ቤት በሕግ የሚገባው የ30 ቀን ማስታወቂያ እንዳልተሰጠው የአገሪቱ የሂሳብ ተቆጣጣሪ ቀደም ብሎ አረጋግጦ ነበር። ከሰሜን አየርላንድ የወጡት ደግሞ አብዛኞቹ ወደ ጦር መሣሪያ አልተመለሱም፤ ይህንንም በዚያው እርሳስ፣ በዚያው ጥንቃቄ ጽፌዋለሁ። የኦክቶበር 2025 ገጽ ግርጌ ገና ባዶ ነው።